ስለ አጥሚትና ስለ ገንፎ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አጥሚትና ስለ ገንፎ ነው። ይህ የማጀት እንጂ የእርሻ ጉዳይ አይደለም የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጎተራው ሞልቶ ሕፃኑ ከከሳ ድካማችን ጎደሎ ነው።

እህልን በውሃ አፍልቶ መመገብ በብዙ አገር ያለ ልማድ ነው፤ የሚለየው አሠራሩ ነው። በቻይና አንድ ስኒ ሩዝ ሳይፈጭ ከስምንት እስከ አሥር ስኒ በሚሆን ውሃ ፍሬው እስኪፈርስ ይቀቀላል፤ ከእንቁላል፣ ከዓሣ ወይም በጨው ከተቀመጠ አትክልት ጋር ይበሉታል። በናይጄሪያ በቆሎውን ወይም ማሽላውን ዘፍዝፈው፣ ፈጭተውና አጥልለው ካስኮመጠጡት በኋላ ያፈሉታል። በእኛ ዘንድ አጥሚቱ ይጠጣል፤ ገንፎው ግን ጠንክሮ ተገንፍቶ በቅቤና በበርበሬ ይበላል።

አዋቂ ሰው አጥሚቱ ቢቀጥንበት በሌላ ምግብ ይደጉማል። ስድስት ወር ሞልቶት ከጡት ወተት ጋር ምግብ የጀመረ ሕፃን ግን ይህን አይችልም። ዱቄት ሲፈላ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ ስለዚህ በቀጭን አጥሚት ውስጥ ያለው አብዛኛው ውሃ ነው። ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 240 ግራም ያህል ነው። ሆዱ ይሞላል፤ ሰውነቱ ግን ይራባል። ብናወፍረው ደግሞ መዋጥ ያቅተዋል።

መላው ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ሁሉ አለ፤ ይኸውም ብቅል ነው። እህል ሲበቅል ያበጠውን ዱቄት የሚያቀልጥ ነገር በውስጡ ይፈጠራል። በታንዛንያ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የብቅልን ዱቄት «የኃይል ዱቄት» ብለው ለእናቶች አስተምረዋል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፤

1ኛ/ ሻጋታ የሌለበትን የገብስ ወይም የዳጉሳ ብቅል በፀሐይ አድርቁ፤ ቡቃያውን አሽታችሁ ካራገፋችሁ በኋላ ፍጩት። የተቆላ ብቅል አይሠራም። የማሽላ ቡቃያ መርዝ ስላለበት ለሕፃን አይሁን።

2ኛ/ ሦስት እጅ የእህል ዱቄት ከአንድ እጅ የሽምብራ ወይም የባቄላ ዱቄት ጋር ቀላቅላችሁ ወፍራም ገንፎ አብስሉ። የፎገራ ገበሬ በሩዝ ዱቄት ሊሠራው ይችላል።

3ኛ/ ከእሳት አውጥታችሁ ጥቂት ሲበርድ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉ። በጣም ትኩስ እንደሆነ ከተጨመረ የብቅሉ ኃይል ይጠፋል። በጥቂት ደቂቃ ገንፎው ውሃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል።

4ኛ/ እንደገና አፍሉት፤ ለብ ሲል ለሕፃኑ ስጡት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ። በሁለት ሳህን ወፍራም ገንፎ አቅርቡ፤ በአንደኛው ብቅል ጨምሩና እናቶችም አባቶችም ይዩት። አባወራዎችም ብቅሉ ሁሉ ወደ ጋን ሳይገባ ጥቂት እፍኝ ለልጃችሁ አስቀሩ።