የውርስ መዝገብ የዘር ምስክር ስለ መሆኑ



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ የምናገረው ከጀርመን ወደ አሜሪካ የፈለሱ ሰዎች የልጅ ልጆች የአባቶቻቸውን ዘር በውርስ መዝገብ ስለሚመረምሩበት መንገድ ነው። ዘመኑም ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጀርመኖች ከ1683 ዓ.ም. ጀምሮ በፔንሲልቫንያ ሰፍረዋል። ከ1727 እስከ 1775 ዓ.ም. ድረስ በፊላደልፊያ ወደብ የወረዱት ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን እየማሉ ይፈርሙ ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ስሙን እንደ ሰሙት ይጽፉት ነበርና ሙለር ሚለር፥ ሽናይደርም ስናይደር ሆነ። ደግሞም ብዙ ወንዶች ልጆች ሲጠመቁ «ዮሐን» ይባሉ ስለ ነበር በአንድ አውራጃ ሁለትና ሦስት ሞክሼዎች ይገኛሉ። ስም ብቻ የተከተለ ሰው የሌላውን አያት የራሱ አድርጎ ይቀራል። ከ1790 እስከ 1840 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብ ቈጠራም የአባወራውን ስም እንጂ የሚስቱንና የልጆቹን ስም አይጽፍም።

ይህን ጕድለት የሚሞላው የውርስ መዝገብ ነው። ፍርድ ቤት የሟቹን ዘመዶች የሚመዘግበው ለትውልድ ክብር ብሎ ሳይሆን ድርሻው ለባለ መብቱ እንዲደርስ ነው። ስለዚህም ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ ሴት ልጁ ለማን እንደ ተዳረች፥ ለሕፃናቱም ማን ሞግዚት እንደ ተሾመ ከዚያ ይገኛል።

መርማሪው በመጀመሪያ ሰውየው የሞተበትን አውራጃ ይለያል፤ ቀጥሎም በማውጫው ላይ ስሙን በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይፈልጋል። ኑዛዜውን ቢያገኝም በዚያ ማቆም አይገባውም። ድርሻውን አስቀድሞ የተቀበለ ልጅ ስሙ ሳይጠራ ይቀር ይሆናል፤ «ሚስቴ» የተባለችውም የልጆቹ ሁሉ እናት ላትሆን ትችላለች። ስለዚህ የንብረቱ ዝርዝር፥ የአስተዳዳሪው ሒሳብና ወራሾች የፈረሙበት ደረሰኝ አብረው ይነበባሉ። ሟቹ ሳይናዘዝ ቢሞትም ሕጉ ራሱ ወራሾቹን ስለሚፈልግ መዝገቡ አንዳንድ ጊዜ ከኑዛዜ ይልቅ ብዙ ስም ይይዛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ብዙዎች የሚያልፉት፥ ልጅ ሳይወልድ የሞተው አጎት ነው። ሀብቱ ለወንድሞቹ፥ ለእኅቶቹና ለልጆቻቸው ስለሚከፋፈል ቤተ ሰቡ በስም ይዘረዘራል። በጀርመን የቀረ ወራሽ ካለም የላከው የውክልና ወረቀት የመንደሩን ስም ሊገልጽ ይችላል። በጀርመን ጥምቀትና ጋብቻ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ይጻፍ ስለ ነበር መንደሩን ያላወቀ መርማሪ የት እንደሚጀምር ይቸግረዋል።

ስለ ፊርማ አንድ ቃል ልጨምር። በወደቡ የተፈረሙት ስሞች መልካቸው ሳይለወጥ በ1934 ዓ.ም. ታትመዋል። ሞክሼዎችን ለመለየት የኑዛዜው ፊርማ ከዚያ ጋር ይተያያል። ነገር ግን በትልቁ መዝገብ ላይ ያለው የጸሐፊው ግልባጭ ነውና ሟቹ በእጁ የፈረመበት ዋናው ወረቀት መፈለግ አለበት።

አድማጮቼ ሆይ፤ ያን ደረሰኝ ቈጥሮ ያኖረው ጸሐፊ የዕለት ሥራውን ፈጸመ እንጂ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው አያቱን ያገኝበታል ብሎ አላሰበም። ወረቀት በእጃችን የሚያልፍ ሁላችን ይህን ብናስተውል መልካም ነው።