ትዕግሥት ስለሚመስል ፍርሃት

(በአቦምሳ፥ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)



ባሏ እየደበደባት ዓመት ከዓመት የምትኖረውን ሴት ጎረቤት «ታጋሽ ናት» ብሎ ያመሰግናታል። ይህ ቃል እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ ትዕግሥት ነው፥ ወርቁ ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው።

ስለዚህ «ለምን ጥላው አትሄድም?» ከማለት በፊት «ብትሄድስ ወዴት ትገባለች?» ማለት ይገባል። እርሻውና ጎተራው በእርሱ እጅ ነው፤ ልጆቿን ትታ ለመውጣት አንጀቷ አይችልም፤ ዘመዶቿ «ገበናሽን ሸፍኚ» ብለው ይመልሷታል፤ እርሱም በማግሥቱ እያለቀሰ ይቅርታ ሲለምን ደጉን ቀን ታስባለች። ከሁሉ ይልቅ ልትወጣ በተነሣች ጊዜ ቁጣው እንዲበረታ ታውቃለች። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ርዳታ አልጠየቁም፥ ለማንም አልተናገሩም።

አስቀድሞ ሕጉም በር ዘግቶ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊውን፥ የጠለፋትን በሕግ ቢያገባ፥ ከቅጣት ያድነው ነበርና፥ ብዙዋ ልጅ በሽማግሌ ቃል ከጠላፊዋ ጋር ቀረች። በዚሁ በአርሲ፥ በቀርሳ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የተጠለፈች አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ግን ስታመልጥ ያሳደዳትን ጠላፊ ገድላ ለፍርድ ቀረበች፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ያን የጠላፊ መሸሸጊያ ሻረ፤ በትዳር ውስጥ የሚደረገውም ድብደባ እንደሚያስቀጣ ደነገገ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዚህ ይቀድማል፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የቆሮንቶስን መልእክት ሲተረጕም፥ ሚስትን መምታት ውርደቱ ለመቺው መሆኑን አስተምሯል።

እንግዲህ የንስሐ አባት ብቻዋን ይስማት እንጂ በባሏ ፊት አይጠይቃት፤ የነገረችውንም ለእርሱ አያድርስ። ሽማግሌ ዱላው ሳይቆም «ታረቁ» ብሎ አይመልሳት። ማኅበርተኞች ማደሪያና ስንቅ ያዘጋጁላት፤ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ስትሄድ አብረዋት ይሂዱ። ዛሬ ባትወጣም አይሰልቿት፥ ለመውጣት የሚሻለውን ቀን የምታውቀው እርሷ ናትና። መውጫ ላጣች ሴት ትዕግሥቷን ከማመስገን በሯን መክፈት ይበልጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።