የእግራችሁ ሕመም በሐኪሙ ወረቀት ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ?

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በኮንትራት ለሚሠሩ ዜጎች የቀረበ ንግግር



ለዛሬ የመረጥሁት ርዕስ ትንሽ ይመስላል፤ ስለ እግራችሁ መጅ ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ በእብነ በረድ ወለል ላይ የምትቆሙ፣ ደረጃ ስትወጡና ስትወርዱ የምትውሉ፣ በማይመጥን የሥራ ጫማ ብሎኬትና ብረት የምትሸከሙ ሁሉ ነገሩ ትንሽ እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

መጅ ቆዳ ራሱን ከግፊትና ከፍትጊያ ለመከላከል የሚያበጀው ጋሻ ነው። ሰፋ ብሎ የደደረው ብዙ ጊዜ አያምም። ትንሽ ሆኖ በመካከሉ ጠንካራ እምብርት ያለው፣ በዐረብኛ ‹‹ሚስማር›› የሚሉት ግን ወደ ውስጥ እየተጫነ እርምጃን ሁሉ ያሳምማል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ ዕትም ለሁለቱም የሰጠው መለያ አንድ ነው፤ እርሱም በላቲን ፊደል ኤል፣ ቀጥሎም 84 ነው። ከክሊኒክ በምትቀበሉት ወረቀት ላይ ይህን ኮድ ብታገኙ ትርጉሙ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ኮዱ የሚናገረው መጅ መኖሩን ብቻ ነው። በየትኛው እግር እንደ ወጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያምም፣ ከምን ሥራ እንደ መጣ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ሐኪሙ በቃላት የሚያሰፍረው ታሪክ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚጽፈው የነገራችሁትን ነው።

ለምሳሌ አንዲት የቤት ሠራተኛ እንውሰድ። አሠሪዋ ወደ ክሊኒክ ወሰደቻት እንበል። ሐኪሙ ሲጠይቅ አሠሪዋ ‹‹እግሯ ትንሽ ይደርቃል›› ብላ መለሰች፤ እርሷም ቋንቋው ስላልተመቻት ዝም አለች። ኤል 84 ተጻፈ፣ ቅባት ታዘዘ፣ አበቃ። ከሁለት ወር በኋላ ከመጁ ሥር ቆስሎ መቆም ሲያቅታት ‹‹ሥራ ጠልታ ነው›› ቢሏት፣ የሚመሰክርላት አንድ መስመር እንኳ በመዝገቡ የለም።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የሚከተሉትን ሳትነግሩ አትውጡ።

አንደኛ፣ ቦታውንና ብዛቱን በጣት እያመለከታችሁ አሳዩ። የሕክምና ሂሳብ በሚወራረድባቸው ኮዶች አንድ መጅ መላጥ 11055፣ ከሁለት እስከ አራት 11056፣ ከአራት በላይ 11057 ነው፤ ቁጥሩ በመዝገቡ ከሌለ ሂሳቡ ሊያከራክር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ሕመሙ ከመቼ እንደ ጀመረና ከምን እንደሚያግዳችሁ ተናገሩ። መራመድ ማስቸገሩ ካልተጻፈ፣ ኢንሹራንሱ ጉዳዩን እንደ ተራ የእግር እንክብካቤ ቆጥሮ ሊመልሰው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሥራችሁን ግለጹ፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቆሙና ምን ጫማ እንደምታደርጉ ይጻፍላችሁ። በዚያው ምደባ ከሥራ ጋር ለተያያዘ ሁኔታ ዋይ 96 የሚባል ተጨማሪ ኮድ አለ። ኮዱ ባይገባ እንኳ የሐኪሙ ዓረፍተ ነገር ይጠቅማችኋል።

አራተኛ፣ የስኳር ሕመም ካለባችሁ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ በግልጽ ተናገሩ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው መጅ በቀላሉ ወደማይድን ቁስል ሊለወጥ ይችላል።

ቋንቋ ከቸገራችሁ ይህን ሁሉ አስቀድማችሁ በዐረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ አጽፋችሁ ያዙ፤ አስተርጓሚም ጠይቁ። ስትወጡ የሕክምና ሪፖርቱን ቅጂ ጠይቁ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት። በወረቀቱ ላይ ቢ 07 ተጽፎ ብታዩ የቫይረስ ኪንታሮት ማለት ነው። ሕክምናው ከመጅ ስለሚለይ፣ ጥርጣሬ ካላችሁ ሐኪሙን መልሳችሁ ጠይቁ።

ወረቀቱ የሚያስፈልገው ሕጉ የሚያዳምጠው ማስረጃን ስለ ሆነ ነው። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 9 በኮንትራት ዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀሪው 15 ያለ ደመወዝ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው ግን በታወቀ የጤና ተቋም ሪፖርት ነው። ያው ሕግ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ ያልተቋረጡ እንዲሆኑ ያዛል። መጅ ብቻውን የካሣ መብት ያስገኛል ብዬ ተስፋ አልሰጣችሁም፤ ነገር ግን የተሟላ መዝገብ የሚመጥን ጫማ፣ የሥራ ማስተካከያና የሕመም ፈቃድ ለመጠየቅ መሠረት ይሆናችኋል።

በመጨረሻም አደራ እላችኋለሁ፤ መጁን በምላጭ አትቁረጡ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ አሲድ ያለበትን ፕላስተር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትለጥፉ። ቦታው ከቀላ፣ ካተኮሰ ወይም መግል ከያዘ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። አሠሪያችሁ ሕክምና ከከለከላችሁ ግን ያላችሁን ወረቀትና ፎቶ ይዛችሁ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ክፍላችን ኑ፤ ወረቀት ባይኖራችሁም ኑ።

አባቶቻችን ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› ብለዋል። ቤተሰብ የቆመው በእናንተ እግር ላይ ነውና፣ የሚያማችሁን ተናገሩ፤ መጻፉንም አረጋግጡ።