ስለ አንድ ሸክላና ስለ ተቀየሙት ወዳጆቹ

(በራዲዮ የተነገረ)



አንድ የምትወዱት ሙዚቀኛ ለብዙ ዘመን ካስለመዳችሁ አጨዋወት በድንገት ወጥቶ፣ ጆሮአችሁ የማያውቀውን ነገር ይዞ ቢቀርብ ምን ትላላችሁ? አብዛኛዎቻችን የምንለውን እኔ በበኩሌ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዝም እንላለን። በማግሥቱ «ምን ነካው?» ብለን እንጠይቃለን። በሦስተኛው ቀን ግን «ገንዘብ አታሎት ነው» ብለን መዝገቡን እንዘጋለን። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት በሦስተኛው ቀን ስለሚሰጠው ስለዚህ ፍርድ ነው።

ለነገሩ ማስረጃ የማቀርበው በአሜሪካ አገር በ1970 ዓ.ም. የወጣውን የማይልስ ዴቪስን ሸክላ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ የምናገረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። የሸክላው ስም «ቢችስ ብሩ» ይባላል። ትርጓሜው በቤተ ሰብ ፊት የሚነገር አይደለምና እንዳለ አልፈዋለሁ።

ማይልስ ዴቪስ በ1926 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ የትራምፔት ተጫዋች ነበረ። የጃዝ ወዳጆች አብልጠው የሚያውቁት በ1959 ባወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በተባለው ሸክላ ነው። በዚያ ሸክላ ላይ ጆን ኮልትሬንን፣ ካነንቦል አደርሊንና ቢል ኤቫንስን የመሰሉ ሰዎች አብረውት ተጫውተዋል። ረጋ ያለ፣ በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ሰፊ ዝምታ ያለበት ሙዚቃ ነው። ሰው ከሥራ ገብቶ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ ሻዩን ይዞ በጸጥታ የሚሰማው ነው። እንዲህ ያለውን ሸክላ አብዝቶ የወደደ ሰው ከሙዚቀኛው ጋራ የማይታይ ውል የተዋዋለ ይመስለዋል። በእርግጥ ውሉን የፈረመው አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሲሞላ፣ በኦገስት 19 ቀን 1969፣ ማይልስ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ አሥር ያህል ሙዚቀኞች ሰበሰበ። በዉድስቶክ ለሮክ ሙዚቃ የተሰበሰበው እጅግ ብዙ ወጣት በተበተነ ማግሥት ነበረ። ሦስት ቀን ተጫወቱ። ለተጫዋቾቹ በሙሉ ተጽፎ ያለቀ ኖታ አልተሰጣቸውም፤ የሰጣቸው ቁራጭ ዜማ፣ የምቱን አካሄድና አንዳንድ የእጅ ምልክት ነበረ። የድምፅ መቅጃው ክር ግን ሳይቋረጥ እንዲዞር ተደረገ። ከዚያ በኋላ የሥራው ኃላፊ ቲዮ ማሴሮ ክሩን በምላጭ እየቈረጠ፣ አንዱን ቦታ ከሌላው እየቀጠለ፣ አንዳንዱንም ቁራጭ እየደጋገመ፣ በስቱዲዮው ውስጥ በአንድ ጊዜ ያልተሰማውን ሙዚቃ አቀናበረው። ይህ አሠራር ራሱ ብዙ ሰው አስቈጥቷል። ጃዝ ከልብ ፈልቆ በዚያው ቅጽበት የሚሰማ ነው ይባል ስለ ነበር፣ ምላጭ መካከል መግባቱ እንደ ማጭበርበር ታየ።

ድምፁስ ምን ይመስላል? ከበሮ መቺው ሁለት ነው፤ ባስ የሚጫወተውም ሁለት ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፒያኖ በአንዳንዱ ቦታ ሁለት፣ በአንዳንዱም ሦስት ነው። ጆን ማክላፍሊን ጊታሩን እንደ ስለት ያሾለዋል። ቤኒ ሞፒን ባስ ክላሪኔት በተባለው መሣሪያ ከበታች ያጉረመርማል። በዚህ ሁሉ ላይ የማይልስ ትራምፔት በሸለቆ ውስጥ እንደ ተጠራ ስም እያስተጋባ ይመጣል። ምቱ ከሮክና ጥቁሮች ከሚጨፍሩበት ሙዚቃ የተወሰደ ነው፤ ማይልስ በዚያ ዘመን ጄምስ ብራውንን፣ ስላይ ስቶንንና ጂሚ ሄንድሪክስን አብዝቶ ይሰማ ነበር። ለሸክላው ስም የሆነው ሙዚቃ ብቻውን 27 ደቂቃ ይፈጃል። እኛ የራዲዮ ሰዎች እንዲህ ያለውን ስናይ ቀድመን የምናስበው ሰዓቱን ነው፤ አንዱን ለማሰማት ዜናውንም ንግግሩንም ማስቀረት ያስፈልጋልና።

እንግዲህ ሸክላው በወጣ ጊዜ የጃዝ ወዳጆች ለሁለት ተከፈሉ። የቆዩት ወዳጆች ዜማው የት ገባ አሉ። ጃዝን ያከበሩት ከጫጫታ የሚሸሹበት ስለ ሆነ፣ ጫጫታው ራሱ በራቸውን ሰብሮ እንደ ገባ ቈጠሩት። ቂሙም ቶሎ አልበረደም፤ ስታንሊ ክራውች የተባለው ሐያሲ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ ማይልስን ራሱን ለገበያ እንደ ሸጠ አድርጎ ጽፎበታል። በሌላ በኩል ጃዝ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ሸክላውን ገዛ። በ1970 ማይልስ ፊልሞር በሚባሉት የሮክ አዳራሾች፣ በኒው ዮርክ ከኒል ያንግ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ ግሬትፉል ዴድ ከተባለው ጓድ ጋራ በአንድ መድረክ ቀረበ። ወጣቶቹ የመጡት ሌላውን ለመስማት ነበር፤ ነገር ግን ማይልስንም ቆመው ሰሙት። ሸክላው በ1971 የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ በ1976ም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ መሸጡ ተመስክሮለት የወርቅ ማዕረግ ተሰጠው።

አሁን ወደ ክሱ ልምጣ። ለገንዘብ ነው የተባለው ውሸት ነውን? ፈጽሞ ውሸት ነው ለማለት አልደፍርም። የማይልስ ሸክላዎች ገበያ በዚያ ሰሞን ቀዝቅዞ ነበረ፤ የኮሎምቢያ ኩባንያ ኃላፊ ክላይቭ ዴቪስም ወጣቶች በሚሰበሰቡባቸው አዳራሾች እንዲጫወት ገፋፍቶታል። ማይልስ ቁንጅና፣ መኪናና ጥሩ ልብስ የሚወድ ሰው እንደ ነበረ የሚያውቀው ሁሉ ይመሰክራል። ይሁንና ገንዘብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግጥም የሌለውን፣ አዝማች የሌለውን፣ ለመጨፈርም የማይመቸውን 27 ደቂቃ ሙዚቃ ለገበያ ያቀርባልን? ለዚህ ከሆነ ከዚያ የሚቀል ብዙ መንገድ ነበረው። በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የገበያ ፍላጎትና የጥበብ ፍላጎት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊኖሩ እንደሚችሉ እኛ ደመወዝ እየተቀበልን ሥራችንን የምንወድ ሰዎች ልንስተው አይገባም ነበር።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ሸክላ መጀመሪያ ያገኘሁት ከአንድ ወዳጄ ተውሼ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልጨርስ መርፌውን አነሣሁ። በማግሥቱም «መልካም ነው፣ አመሰግናለሁ» ብዬ መለስሁለት፤ ሰምቼ እንደ ጨረስሁም አስመሰልሁ። ለሌሎች ባልደረቦቼ ግን ሙዚቀኛው እንደ ተበላሸ በእርግጠኝነት ተናገርሁ። አስተያየቴን የሰጠሁት ከ94 ደቂቃ ውስጥ አሥሩን ሰምቼ ነው! በመሥሪያ ቤት አዲስ የመዝገብ አያያዝ ደንብ ሲወጣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብቦ «ይኼ አይሠራም» የሚለውን ባልደረባ ስንታዘብ ኖረናል፤ እኔ ከእርሱ በምን ተሻልሁ? ከብዙ ጊዜ በኋላ ሸክላውን ራሴ ገዝቼ፣ በአንድ ዝናብ በጣለበት እሑድ አራቱንም ገጽ ተራ በተራ ሰማሁ። ሁሉን ወደድሁ አልልም። «ፋራኦስ ዳንስ» የተባለው ዛሬም በመካከሉ ያደክመኛል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ከበሮና ኤሌክትሪክ መካከል የትራምፔቱ ብቸኝነት በ1959 የነበረው ያው ብቸኝነት ሆኖ አገኘሁት። ክፍሉ ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልወጣም ነበር።

ይህ ነገር ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው በኒው ዮርክ፣ የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፣ ትዝታንና አንቺ ሆዬን፣ ባለ አሥራ ሁለት ድምፅ ከሆነው ከጃዝ ስምምነትና ከላቲን ምት ጋራ ያዋሕዱ ነበር። በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ በዚያው ከተማ አወጡ። የማይልስ ጥፋት ጃዝን ለውጭ ምት አሳልፎ መስጠቱ ነው ሲባል፣ የሙላቱ ጥፋት ደግሞ የአገሩን ዜማ ለጃዝ አሳልፎ መስጠታቸው ነው የሚል ሰው አልጠፋም። ሥራቸው በዓለም በሰፊው የተሰማው በ1998 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አራተኛ ቍጥር ከወጣና በ2005 ጂም ጃርሙሽ በፊልሙ ውስጥ ካሰማው በኋላ ነው። የእኛ ሙዚቃ የእኛ ጆሮ እስኪደርስበት ድረስ ሰው አገር መቆየቱ እኔን ሁልጊዜ ያሳፍረኛል።

ወደ ማይልስ ልመለስ። በእርሱ ሸክላ ላይ የተጫወቱት ሰዎች ኋላ ጆ ዛዊኑልና ዌይን ሾርተር «ዌዘር ሪፖርት»ን፣ ማክላፍሊን «ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ»ን፣ ቺክ ኮሪያ «ሪተርን ቱ ፎርኤቨር»ን አቋቁመው መንገዱን አስፍተውታል። ይህን የሚያህል ፍሬ አፍርቷልና የቀደሙት ወዳጆች ተሳስተው ነበር ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን እንዲህ ብዬ አልዘጋውም። እነዚያ ሰዎች በእውነት አንድ ነገር አጥተዋል። ያ ረጋ ያለው፣ ዝምታ የሞላበት አጨዋወት ከሰውየው መድረክ ላይ ጠፋ፤ እንዲመለስ ሲለምኑት እንቢ አለ። የወደዱትን ነገር ያጡ ሰዎች ማዘናቸው መብታቸው ነበር። ስሕተታቸው ኀዘናቸውን በሰውየው ልብ ላይ ወደሚሰጥ ፍርድ መለወጣቸው ነው።

ማይልስ በመጨረሻ ግን ተመለሰ። በጁላይ 1991 በስዊስ አገር በሞንትሮ፣ ሟቹ ጊል ኤቫንስ ከሠላሳ ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ያቀናበረለትን የጥንት ሙዚቃ ኵዊንሲ ጆንስ እየመራለት ተጫወተ። ያ ሁሉ ዘመን የጠበቁ ሰዎች የናፈቁትን ዜማ ሰሙ። ሰውየው ግን ታሞ ነበረ፤ ትንፋሹ አነሰው፤ ከባድ ከባዱን ቦታ በአጠገቡ የቆመው ወጣቱ ዋላስ ሮኒ ተጫወተለት። ማይልስ በዚያው ዓመት፣ በሴፕቴምበር 28 ቀን፣ ዐረፈ።