መስመሩ ነው ወይስ ኮምፒውተሩ?

እሱ፦ ትናንት ማታ ቤቴ ኮምፒውተሬ ላይ ኢንተርኔቱ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ ሲል አመሸ። መስመሩን ስረግም ነው ያደርኩት።

እሷ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብህ! ስልክህስ በዚያው ዋይፋይ ይሠራ ነበር?

እሱ፦ ስልኬማ ምንም አልሆነም።

እሷ፦ እንግዲያው መስመሩን ማርልኝ። ሁለቱም አብረው ቢቋረጡ ኖሮ ራውተሩን ወይም መስመሩን እንጠረጥር ነበር። አሁን ግን ተጠርጣሪው ኮምፒውተሩ ነው።

እሱ፦ ታዲያ ከየት ልጀምር?

እሷ፦ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘው። ካልተቋረጠ ችግሩ ዋይፋዩ ላይ ነው። ዊንዶውስ ከሆነ የዋይፋይ ካርዱን የኃይል ቁጠባ አጥፋው፤ አንዳንዴ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ካርዱን የሚያስተኛው እሱ ነው።

እሱ፦ የሚገርመኝ ደግሞ የሚብስበት እራት ስናሞቅ ነው።

እሷ፦ በማይክሮዌቭ?

እሱ፦ አዎ፣ ራውተሩም እዚያው አጠገቡ ነው።

እሷ፦ ተገኘ! ማይክሮዌቭ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ብዙ ዋይፋይም እዚያው ላይ ነው፣ ስለዚህ ይረብሸዋል። ስልክህ በ5 ጊጋኸርዝ ተገናኝቶ ይሆናል። ኮምፒውተሩንም ወደዚያ አዙረው።

እሱ፦ ለምን መጀመሪያውኑ ሁሉንም በ5 አላደረግነውም?

እሷ፦ 5 ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ራውተሩን ከማድቤት አውጥተህ መሃል ቤት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጠው።

እሱ፦ ዛሬውኑ ሁሉንም አደርጋለሁ።

እሷ፦ ኧረ አይደለም! አድማጮቻችን፣ እናንተም አንድ በአንድ ሞክሩ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከነካካችሁ የቱ እንደፈታው አታውቁም።