ስትከላከሉ ወደ ኋላ አትሽሹ

የገና ሰሞን ሲቃረብ ከአድማጮቻችን የሚደርሱን ስልኮች አብዛኞቹ ስለ ትግል ናቸው። የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይደውላሉ፣ ወላጆችም ይደውላሉ። ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፤ ጉልበት አለኝ፣ ተጋጣሚዬ ገና ሲይዘኝ ግን እደነግጣለሁ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ሳላውቀው ጀርባዬ መሬት ይነካል። ስለዚህ ዛሬ ማጥቃቱን ትተን ስለ መከላከልና ስለ መረጋጋት እንነጋገር።

በየዓመቱ የምለውን ዘንድሮም እደግመዋለሁ፤ ስትከላከሉ ወደ ኋላ አትሽሹ። በእኛ ባህላዊ ትግል ጀርባው መሬት የነካ ተሸናፊ ነው፤ ልጆቻችን መውደቅን ስለሚፈሩ ይሸሻሉ። የሚሸሽ ሰው ደግሞ ጉልበቱን አድርቆ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ክብደቱን ተረከዙ ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው። ለጠለፋ ከዚህ የተመቸ የለም። ተጋጣሚው እግሩን ከተረከዙ ኋላ አስገብቶ ደረቱን ገፋ ቢያደርገው ይበቃል።

በዓለም አቀፉ ነጻ ትግልም ሽሽት ያስቀጣል። ግጥሚያው ሦስት ሦስት ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፣ መሐሉ የ30 ሰከንድ ዕረፍት አለው። እግሩ ከመታገያው ክልል የወጣ ለተጋጣሚው 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ዝም ብሎ የሚያፈገፍገውንም ዳኛው ያስጠነቅቀዋል።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈት፣ አንዱ ግማሽ እርምጃ ይቅደም። ጉልበት ይታጠፍ፣ ዳሌ ዝቅ ይበል፣ ጀርባ ግን አይጉበጥ። ክርናችሁ ከጎናችሁ አይራቅ፣ በራቀው በኩል ይገባባችኋልና። ግንባራችሁን ቀና አድርጉ፤ አንገቱን የደፋ ሰው ወደ ታች ለመጎተት ቀላል ነው። ስትያያዙ ደግሞ ክንዳችሁን ከተጋጣሚያችሁ ብብት ስር ለማስገባት ታገሉ። ወገብ ለወገብ ሲያያዙ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው የውስጡን ቦታ የያዘው ነው።

በነጻ ትግል ተጋጣሚያችሁ እግራችሁን ሊይዝ ዝቅ ካለ ሁለቱንም እግራችሁን ወደ ኋላ ወርውራችሁ ዳሌያችሁን በትከሻው ላይ ጫኑበት። አንድ ተማሪ «አትሽሹ እያልክ እንዴት እግሬን ወደ ኋላ እወረውራለሁ?» ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እግሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ክብደቱ ግን ወደ ፊት በተጋጣሚው ላይ ይወርዳል። እኔ አትሽሹ የምለው ክብደታችሁን ይዛችሁ አትሽሹ ነው።

አሁን ወደ ትንፋሹ። ሰው ሲያዝ ትንፋሹን ይይዛል፣ ጡንቻውን ሁሉ ያጠብቃል። አጥብቆ የተኮማተረ ጡንቻ በውስጡ የሚያልፉትን የደም ሥሮች ይጫናል፤ ደም ካልደረሰው ቶሎ ይዝላል። በመጀመሪያው ደቂቃ ክንዱ የሚዝልበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ መተንፈስ ረስቶ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝን ነገር ላንሳ። ከተማችን ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የምንስበው አየር የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ አገር መጥቶ ዩኒቨርሲቲያችን የገባ አንድ ተማሪ አስተምር ነበር፤ ጉልበቱ የሚያስቀና ልጅ። በመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ መሐል ቁጭ ብሎ «መምህር፣ በሽታ ይዞኛል መሰለኝ» አለኝ። በሽታ አልነበረበትም፣ ሰውነቱ ደጋውን ገና አልለመደም ነበር። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ማንም አልቻለውም። እኛ ደገኞቹስ? በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲንቲያ ቤል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክተው ውጤቱን አሳትመዋል። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ የቲቤቶቹ ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል፤ የአምባራሶቹ ግን ሁለቱም በቆላ ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ። ሊቃውንቱ ሦስተኛ መንገድ አሉት። ስለዚህ ነገር ሌላ ቀን ሙሉ ሰዓት ብንይዝ ደስ ይለኛል።

ለማንኛውም ደገኛም ሁኑ ቆለኛ፣ ስትያዙ የመጀመሪያ ሥራችሁ ትንፋሽ ማስወጣት ነው። በአፋችሁ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ፣ ትከሻችሁን አላሉ፣ ዳሌያችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ እጃችሁ የት እንዳለ እወቁ። ይህን በልምምድ ላይ ሆን ብላችሁ ተይዛችሁ ጀምሩት። በልምምድ ተይዞ የማያውቅ በውድድር ቀን መደንገጡ አይቀርም።

ወላጆችና ጓደኞች፣ እናንተንም እወቅሳለሁ። ልጁ ተይዞ እያለ አሥር ሰው ከዳር ሆኖ «ጣለው! በለው! ተነሥ!» ሲል የትኛውን ይስማ? ጩኸቱ ያጣድፈዋል፤ ተጣድፎ ይወድቃል። ልጃችሁን ከወደዳችሁ አሠልጣኙ ብቻ ይናገር።

ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ ስለ አወዳደቅ ሳልናገር ግን አልሄድም። መውደቅ ካልቀረ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ሰብስቡ፣ በትከሻችሁ በኩል ተንከባለሉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ መሬት አትደግፉ! የእጅ አንጓና ክርን ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በተዘረጋ እጅ ነው።

ከተሰበረ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው እጅ ደም ተቋርጦበት ሞቶ፣ በሕክምና መቆረጥ የደረሰበት ልጅ በአገራችን ብዙ ነው። አሁን እጁ ታስሮ ቤት የተቀመጠ ልጅ ካላችሁ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ካበጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ነገን አትጠብቁ፤ ማሰሪያውን አሁኑኑ ፍቱና ሆስፒታል አድርሱት።