ለእጅ የሚስማማ፣ ለዘመን የሚጸና፤ የካፕሱል ማስገቢያ መሣሪያ አመራረጥ



መሐንዲሶች ስለ ታላላቅ መኪኖች ብዙ ይጽፋሉ፤ ብዙም ይከራከራሉ። ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ስለሚጨብጠው አነስተኛ የእጅ መሣሪያ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ውስን ምሳሌ ወስዶ የእጅ መሣሪያ ምቹና ጽኑ የሚባለው በምን መለኪያ እንደ ሆነ መመርመር ነው። ምሳሌውም በአሜሪካ የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች በሕግ ተፈቅዶላቸው የተተኮሰ ቀለህ መልሰው ሲሞሉ የሚገለገሉበት የካፕሱል ማስገቢያ ነው።

ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና ካፕሱል። ካፕሱል በመርፌው ምት የምትፈነዳና ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ የብረት ቆብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1866 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰርና አሜሪካዊው ሃይረም በርዳን ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች አወጡ። የሚያስገርመው የእንግሊዛዊው ፈጠራ በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ በአውሮፓ መስፋፋቱ ነው። የቦክሰር ቀለህ በመካከሉ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ያገለገለችው ካፕሱል በቀጭን ዘንግ ተገፍታ በቀላሉ ትወጣለች፤ ቀለህን መልሶ መሙላት በአሜሪካ የተራው ሰው ሥራ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አዲሲቱን ካፕሱል ማስገባት ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ትንሿ ካፕሱል 4.45፣ ትልቋ 5.33 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አላት። ከቀለሁ መቀመጫ ገጽ ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ እንድትቀመጥ ይመከራል። ከፍ ብላ ከቀረች የመርፌው ጉልበት እርሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ስለሚባክን ጥይቱ ሊከሽፍ ይችላል፤ ከዚያም የከፋው፣ ራሱን በሚያጎርስ ጠመንጃ ውስጥ ክፍሉ ሲዘጋ ሳይታሰብ ልትፈነዳ ትችላለች። ከመጠን በላይ ከተገፋች ደግሞ በውስጧ ያለው ፈንጂ ይሰነጠቃል። በዚህ ሥራ ላይ ዋናው መለኪያ የሠራተኛው እጅ ስሜት ነው፤ ካፕሱሏ ከጉድጓዱ ወለል ጋር ስትገናኝ ተቃውሞው በድንገት ሲጨምር እጅ ማወቅ አለበት።

እዚህ ላይ የሌቨር ሕግ ሁለት ገጽ ያሳያል። ለምሳሌ ያህል ዘንጉን ለመግፋት 300 ኒውተን ያስፈልጋል እንበል። የመሣሪያው የኃይል ብዜት 5 ቢሆን እጅ 60 ኒውተን፣ 25 ቢሆን 12 ኒውተን ብቻ ያወጣል። ሁለተኛው ለድካም ይሻላል። ነገር ግን ተቃውሞው በ50 ኒውተን ሲጨምር በመጀመሪያው መሣሪያ 10 ኒውተን ሆኖ ለእጅ ሲሰማ በሁለተኛው 2 ኒውተን ብቻ ስለሚሆን ሳይታወቅ ያልፋል። ብዙዎች ለዚህ ሥራ በጠረጴዛ ላይ ከሚታሰረው ትልቅ ፕሬስ ይልቅ በእጅ የሚጨበጠውን መሣሪያ የሚወዱት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ድካምን ሁሉ የሚያስቀር መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ መሣሪያ አይደለም፤ የተሻለው ድካምን ቀንሶ ስሜትን የሚጠብቅ ነው።

ምቾት ሲባል ግን የጎማ ልባስ ማለት ብቻ አይደለም። አንድ ሺህ ቀለህ የሚሞላ ሰው አንድ ሺህ ጊዜ ይጨብጣል፤ በእያንዳንዱ ጭብጥ ያለች ትንሽ ጉድለት በሺህ ትባዛለች። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ መመሪያው፣ ኃይል የሚጠይቅ ባለ ሁለት እጀታ መሣሪያ ሲዘጋ በእጀታዎቹ መካከል ቢያንስ 5፣ ሲከፈት ቢበዛ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት እንዲኖረው ይመክራል። እጀታው መዳፍን ተሻግሮ ካላለፈ ጫፉ የመዳፍን ሥጋ ይወጋል። ግፊቱም በአውራ ጣት ብቻ ከሚሆን በአራቱ ጣቶች ቢከፋፈል ይመረጣል። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኧርዊን ቲሻወር በ1970ዎቹ በፒንሳ አሠራር ላይ በማተኮር፣ መጣመም ያለበት እጀታው እንጂ የሠራተኛው የእጅ አንጓ እንዳልሆነ አስረድቷል። አንጓ ተጣሞ ደጋግሞ ሲጨብጥ ጅማት ይጎዳል፤ የተሰበረ መሣሪያ ይተካል፣ የተጎዳ ጅማት ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም።

ጽናትን በተመለከተ መታየት ያለበት የሰውነቱ ውፍረት ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። መሣሪያ የሚያረጀው ብረት በብረት ላይ በሚፈተግበት ቦታ ነውና። 400 ኒውተን የሚሸከም፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፒን በ5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ብቻ ቢደገፍ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 20 ኒውተን ያርፍበታል፤ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን ጭነቱ ወደ 10 ይወርዳል። ከዚንክ ቅይጥ በቀለጠ ክፍል ውስጥ የሚዞር የአረብ ብረት ፒን ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ያሰፋዋል፤ ቀዳዳው ሲሰፋም የዘንጉ ጉዞ ይለዋወጣል፣ ጥልቀቱም ይዛባል። ስለሆነም ፒኑ፣ ሞላውና ዘንጉ ተፈተው የሚለወጡበትን፣ መለዋወጫውም የሚገኝበትን መሣሪያ መምረጥ ብልህነት ነው።

በመጨረሻም ደኅንነት አለ። ካፕሱል ለምት፣ ለሙቀትና ለኤሌክትሪክ ብልጭታ ስስ ናት። በመሣሪያው ሳህን ላይ የተከማቹት ካፕሱሎች፣ ምናልባት አንዷ ብትፈነዳ፣ እሳቱ እንዳይደርሳቸው በመካከሉ መከለያ መኖሩ መረጋገጥ አለበት። የዓይን መነጽር የግድ ነው። በብዙዎቹ ካፕሱሎች ውስጥ የእርሳስ ውሕድ ስላለ ከሥራ በኋላ እጅን መታጠብ ይገባል። ቅባትም ለመጋጠሚያው እንጂ ካፕሱሏ ለምትነካው ክፍል አይደለም፤ ዘይት ፈንጂውን ያበላሻልና።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ ትንሽ መሣሪያ የሚገኘው ትምህርት ለየወርክሾፖቻችን የመሣሪያ ግዢም ይበጃል። የሽቦ ጫፍ መጭመቂያም ሆነ ፒንሳ ሲገዛ ሦስት ጥያቄዎች ከዋጋ ይቅደሙ፤ በማን እጅ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይጨበጣል? ሥራው ሲያልቅ ለእጅ ያስታውቃልን? ያረጀው ክፍል ይለወጣልን? ግዢውን የሚወስነው ሰው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የሚጨብጠው ሰው አይደለም። ስለዚህ ደረሰኝ ከመፈረሙ በፊት መሣሪያው በሠራተኛው እጅ ይሞከር፤ የእርሱም ቃል እንደ ማንኛውም የቴክኒክ መግለጫ ይመዝገብ።